ከምሽጉ ፊት ያለችው ጉድጓድ

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትዕዛዙ በሬዲዮ ደረሰን። ቁስለኞችን የጫኑ መኪኖች እሑድ ጠዋት ከኮረብታችን ሥር ባለው መንገድ ያልፋሉ። የመጨረሻው መኪና ድልድዩን እስኪሻገር ኮረብታውን እንዳንለቅ ተባልን። የሻምበል ጦራችን የመገናኛ ሠራተኛ ስለነበርኩ ትዕዛዙን ተቀብዬ ለአዛዣችን ለመቶ አለቃው የነገርኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ነው፤ የምሠራው ቂሊንጦ፣ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ። በሰርቪስ አብረውኝ የሚሳፈሩ ልጆች «ግንባር ምን ይመስላል?» ሲሉኝ «የቱ ግንባር?» እላቸዋለሁ። አቃቂ ላለ ሰው ግንባር ማለት ጦርነቱ ያለበት አገር በሙሉ ነው። ስንቅ ያመጡልን ለነበሩ ሾፌሮች ግንባር የእኛ ኮረብታ ነበር። እኛ ደግሞ ምሽግ ውስጥ ሆነን «ፊት ማን አለ?» ስንባባል፣ ከምሽጉ ወረድ ብሎ እርከኑ ጫፍ ላይ የተቆፈረችውን፣ ለሁለት ሰው የምትበቃ ጉድጓድ ማለታችን ነበር። ጠላት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት እዚያ ያሉት ናቸው። ከእኛ ጋር የሚያገናኛቸው አንድ የሜዳ ስልክ ሽቦ ነበር።

በዚያን ጊዜ ፊት የነበሩት አስር አለቃ ሸምሱና ወታደር ወርቁ ናቸው። ሸምሱ የአቃቂ በሰቃ ልጅ ነው፤ አባቱ ከስልጤ መጥተው እዚያ ሱቅ ከፍተዋል። ስልክ ላይ ድምፄ ስለሚያንስ ይቀልድብኝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ምስጢር መጠበቅሽስ ጥሩ ነው፤ ግን ከእኛም ደበቅሽው» ይለኛል።

እሑድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ጭጋግ ነበር። ስልኩ ጠራ።

«እየመጡ ነው» አለ ሸምሱ። «በስተግራ፣ በማሽላው ውስጥ። ብዙ ናቸው። እስክነግራችሁ አትተኩሱ።»

ጠበቅን። «አሁን» አለ። ተኮስን። የመጀመሪያው ማጥቃት ተመለሰ። ሁለተኛው በሞርታር ታግዞ መጣ። በግራ በኩል ያለው መትረየሳችን ዝም አለ። መቶ አለቃው «ወደ ምሽጉ ይመለሱ በያቸው» አለኝ።

«ሸምሱ፣ ተመለሱ ተብላችኋል።»

«መኪኖቹስ?»

«መታየት ጀምረዋል። ድልድዩ ጋ ገና አልደረሱም።»

«ከምሽጉ ሆናችሁ ሸለቆው አይታያችሁም። እኛ ከተነሣን በዚያ ሾልከው መንገዱ ላይ ይወርዳሉ። ለመቶ አለቃው ንገሪው።»

ነገርኩት። መቶ አለቃው መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ። «ይቆዩ» አለ።

«ቆዩ ተብላችኋል» አልኩ።

«እሺ። ቁርሳችንን ግን እንዳትበሉብን።» ከአጠገቡ ወርቁ ሲስቅ ሰማሁ። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ የምናውቀው ከተኩሳቸው ብቻ ነበር። ከጉድጓዷ ሁለት ክላሽ ይተኩሳል። ቆይቶ አንድ ብቻ ሆነ። በሸለቆው ሾልኮ መንገዱ ላይ የወረደ ግን አልነበረም። ሦስት ሰዓት ገደማ የመጨረሻው መኪና ድልድዩን ተሻገረ። ጠላት አፈገፈገ። እኛም ሌላ ትዕዛዝ እስኪመጣ እዚያው እንድንቆይ ተነገረን።

ወደ ጉድጓዷ ወረድን። ወርቁ ትከሻውን ተመትቷል፤ ሕይወቱ አለ። ሸምሱ ሞቷል።

«እስከ መጨረሻው መኪኖቹ አለፉ ወይ እያለ ነበር» አለኝ ወርቁ።

«አልፈዋል» አልኩት።

ሸምሱን ጨምሮ አራት ሰው ሞተብን። ሸምሱን ከሻምበሉ ሙስሊሞች የሆኑት ሰገዱበት። መቃብሩን ሁላችንም ቆፈርን።

ቀትር ላይ ምግብ መጣ። በሻምበላችን ማንም ያላዘዘው አንድ ልማድ ነበር፤ ፊት ያሉት መብላታቸውን በስልክ ሳይነግሩን ምሽግ ውስጥ እጁን ወደ ምግብ የሚሰድ የለም። ያን ቀን ጉድጓዷ በሞርታር ፈራርሳ ስለነበር ሰው አልተመደበባትም። ምግቡ መሐላችን እንደተቀመጠ ቀረ።

«ፊት ማንም ከሌለ ጾማችንን ልንውል ነው?» አለች የመትረየስ ተኳሿ ጫልቱ። የሳቀ አልነበረም። መቶ አለቃው «ብሉ፣ ትዕዛዝ ነው» ሲል ጥቂቶች ቀመሱ። የቀረነው አልቻልንም።

አመሻሹ ላይ መቶ አለቃው «ነገ ፊት ማን ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ» አልኩ።

«ማን ነው የተናገረው?»

«እኔ ነኝ፣ መቶ አለቃ።»

«እንግዲያው እኔም አብሬያት ልሂድ» አለች ጫልቱ። «ይቺ ጠላት ቢመጣ በሹክሹክታ ነው የምትነግራችሁ።»

ያን ጊዜ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ስለ ሸምሱ ብዙ ማለት አልችልም። ተመለስ ተብሎ መመለስ ይችል ነበር፤ ማንም አይወቅሰውም ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ የጠየቀው ስለ መኪኖቹ ነው። በእነዚያ መኪኖች ተጭነው ካለፉት ውስጥ ዛሬ ልጅ የሚያሳድጉ ይኖራሉ፤ ማን እንዳሳለፋቸው ግን አያውቁም። ይህን የጻፍኩት እንዲያውቁ ነው።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ከጫልቱ ጋር ወረድን። የፈረሰውን ድንጋይ መልሰን ካብን። የተቆረጠውን ሽቦ ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ ዳቦና ውኃ ደረሰን። አልራበኝም ነበር። ግማሹን ለጫልቱ ሰጥቼ የቀረውን እስከ መጨረሻው ጎረስኩ። ከዚያ ስልኩን አነሣሁና «በልተናል፤ እናንተም ብሉ» አልኳቸው።