በአባቴ ማሳ ላይ የተሠራ ሒሳብ

አምስተኛ ክፍል ያስተማረን መምህር ከሸዋ የመጣ ወጣት ነበር። ነቀምቴ ሲመደብ የሚያውቀው ኦሮምኛ «አከም ቡልተን» ከሚለው የጠዋት ሰላምታ አያልፍም፤ እሱንም ከሰዓት በኋላ ይለው ስለነበር እንስቅበታለን። እኛ ደግሞ አማርኛውን አንብቡ ስንባል እንደ ውኃ እናንበለብለውና ምን አነበባችሁ ስንባል ጣሪያ ጣሪያውን እናያለን። ከእሱ በፊት የነበሩት መምህራን ንባባችንን ሰምተው ጎበዝ ብለውን ያልፉ ነበር። እሱ አላለፈም። ከደግነት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ያልገባውን የገባው አስመስሎ የሚውል ሰው ሲያይ ደሙ ይፈላ ነበር።

አንድ አንቀጽ ካስነበበን በኋላ መጽሐፉን ያስከድነናል። ከዚያ ያነበብነውን አጠገባችን ለተቀመጠው ልጅ በኦሮምኛ እንነግረዋለን። ሰሚው ይነሣና የሰማውን በአማርኛ ያወራል፤ በመጨረሻ ሁላችንም በራሳችን ቃል እንጽፈዋለን። በግቢው ውስጥ ከአማርኛ ሌላ መናገር ክልክል ስለነበር የዳይሬክተሩ ጫማ በረንዳው ላይ ሲሰማ ድምፃችንን እንቀንሳለን። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ደፍሮ፣ ኦሮምኛ ሳይችሉ በትክክል መናገራችንን በምን ያውቃሉ ብሎ ጠየቀው። የሚሰማውን ልጅ ፊት አያለሁ አለው።

በጽሕፈት ላይ አንድ ደንብ ነበረው፤ ላጲስ አይነካም። የተሳሳተውን በአንድ መስመር እንሰርዘዋለን እንጂ አናጠፋውም፤ የት እንደሳታችሁ ካላየሁ ምኑን አስተምራችኋለሁ ይላል። ሰኞ የጻፍነውን አንድ ዓረፍተ ነገር ስንሰርዝና ስንጨምር ዓርብ ይደርሳል። ደብተሬ ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር፤ እናቴ አይታው ልጄ ደከመች ብላ አዘነች።

ሒሳብ ላይ ደግሞ ከስሌት በፊት መገመት ግዴታ ነው። ግምታችንን በደብተሩ ጠርዝ ላይ እንጽፋለን። መልሱ ከግምቱ በጣም ከራቀ ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል፣ የዋሸውን ፈልጉ ይለናል። እኔ ይህን ወደድኩት፤ በሒሳብም አንደኛ ወጣሁ። ለክብር ብዬ ብቻ አልነበረም። ከቤታችን ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት የምሄደው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አባቴም እንግዲህ እናያለን ከማለት ሌላ ቃል አልገባልኝም። በሒሳብ አንደኛ የሆነችን ልጅ ማን ያስቀራል ብዬ አስብ ነበር።

ጥር ላይ የስፋት ትምህርት ደረሰ። ትምህርት ቤታችን ከከተማው ዳር፣ በጨለለቂ በኩል ነው፤ ከአጥሩ ማዶ የአባቴ ማሳ አለ። በቆሎው ገብቶ ስለነበር ኳስ የምንጫወተው እዚያ ነው፤ ስለዚህም ባለቤቱን ማስፈቀድ ለማንም ትዝ አላለውም። መምህሩ በየሜትሩ የተቋጠረ ረጅም ገመድ ይዞ አወጣን። መጀመሪያ ገመትን፣ ከዚያ ለካን። የገመዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሦስቱ ጎኖች አላስቸገሩንም፤ በአራተኛው በኩል ግን ጎርፍ ማሳውን በልቶት ትልቅ ቦረቦር ሠርቷል። አብዛኞቻችን ርዝመቱን በወርዱ አባዝተን ጨረስን አልን። መምህሩ ቦረቦሩ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ እዚህ ውስጥ በቆሎ ይበቅላል ወይ ብሎ ጠየቀን። የሌለ መሬት አትቁጠሩ፤ ቅርጹ ካስቸገራችሁ በሦስት ማዕዘን እየቆረጣችሁ ደምሩት አለ። እንዳለው አደረግን፤ አንዱ ቁጥሩን እየጮኸ ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል። ደስ የሚል ጠዋት ነበር።

ከመንገድ ሆኖ ለሚያየን ሰው ግን የሚታየው ሌላ ነው፤ ኮት የለበሰ የሸዋ ሰው፣ ገመድ፣ በአማርኛ የሚጠራ ቁጥር። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር የሚያየን አልጠፋም። በአያቴ ጊዜ ቃላድ ጣዮች መጥተው መሬቱን በገመድ ለክተው፣ ከተፈቀደላችሁ ይበልጣል ያሉትን ትርፍ ብለው ለመንግሥት ወስደውታል። አባቴ ያኔ ሕፃን ነበር፤ ያዝ ብለውት የገመዱን ጫፍ ይዞላቸዋል። ይህን ታሪክ በቤታችን የማያውቅ የለም፤ አባቴ ራሱ ግን ሲያወራው ሰምቼ አላውቅም። ያን ዕለት ከገበያ ሲመለስ ገመዱን ማን ያዘ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። እኔ አልኩት። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድኩም።

የቀረሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። መሬት ያላቸው ሁሉ ልጆቻቸውን ስላስቀሩ ክፍሉ ግማሽ ሆነ። ዳይሬክተሩ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ መሬት አይለካም፣ ትምህርት ነው ብሎ አስረዳ። ነገሩ ባሰ፤ ሹም ጠርቶ አይለካም ካለማ ሊለካ ነው ተባለ። እኛ ቤት ደግሞ አክስቴ፣ ኑኑ ቁምባ በሚባል አገር ስላለ አንድ ደህና ቤተሰብ ማውራት ጀመረች። ደህና ቤተሰብ ሲወራ ከኋላው አንድ ያላገባ ወንድ ልጅ እንዳለ አውቃለሁ። ፈራሁ። ጓሮ ሆኜ የሰማንያውን ብዜት እየደጋገምኩ አለቅስ ነበር፤ ለምን የሰማንያውን እንደመረጥኩ አላውቅም።

በመጨረሻ መምህሩ ራሱ ገመዱን ይዞ ቤታችን መጣ። አባቴ አማርኛ አሳምሮ ያውቃል፤ ያን ቀን ግን መምህሩን እንደ ሹም ቆጥሮ በኦሮምኛ ካልሆነ አልናገርም አለ። በመካከላቸው ሆኜ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። መምህሩ ጥፋቱ ሳያስፈቅድ መግባቱ እንደሆነ ተናገረ፣ አስተላለፍኩ። ገመዱን ውሰዱት አለ፣ አስተላለፍኩ። ከዚያ፣ ይቺ ልጅ ካስተማርኳቸው ሁሉ ትበልጣለች፣ ብትቀር የሚጎዳው ትምህርት ቤቱ ነው አለ። እኔ አፍሬ፣ ልጅቷ ብትመለስ ጥሩ ነው ይላል አልኩ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝና በኦሮምኛ፣ «አንዱን አስቀረሽው» አለኝ።

ከዚያ ለመምህሩ የሚነገረውን ነገረኝ። ገመድ አይፈራም፤ የሚፈራው ተጽፎ የሚቀር ቁጥር ነው። የማሳው ቁጥር ከሁሉም ደብተር ላይ ይጥፋ፤ ሲጠፋ ቆሜ ልይ፤ ከዚያ ልጄ ትመለሳለች። ይህን አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩ። መምህሩ ሊል የፈለገውን እኔ ዐውቀዋለሁ፤ በእሱ ክፍል ላጲስ አይነካም። ትክክለኛ መልስ ማጥፋት ደግሞ ከናካቴው ያልታሰበ ነገር ነው። ፊቴን አየ፣ ገመዱን አየ፣ እሺ አለ።

በማግስቱ አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ክፍላችን በር ላይ ቆመ። መምህሩ መጀመሪያ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የቀረውን ስሌት ጠረገ፤ ቀጥሎ እንድናጠፋ አዘዘን። በዚያ ደንብ የተነሣ ላጲስ ያለው ልጅ አልነበረም። ከዳይሬክተሩ አንድ ላጲስ መጣልንና በምላጭ ተቆራርጦ ታደለን፤ ያልደረሰው ጣቱን በምራቅ እያራሰ ፈተገ። የእኔ ወረቀት ተቀደደ። አባቴ በየዴስኩ እየዞረ አየ፣ «ቶሌ» አለ፤ እሺ እንደማለት ነው። ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ፤ እኔ ቦታዬ ላይ ቀረሁ። ሌሎቹም ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። ቁጥሩን እዚህም አልጽፈውም፤ ይጥፋ ተብሏል።

መምህሩ በዓመቱ ተዛውሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስላልሰማሁ ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ስድስተኛን አለፍኩ፤ የአክስቴም ደህና ቤተሰብ ሌላ ሙሽራ አገኘ። ስለዚያ ቀን በቤታችን ያወራ የለም።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እውነተኞቹ የመንግሥት ለኪዎች መጡ። አሁን ገመድ የላቸውም፤ በሜትር የተቆጠረ የብረት ሰንሰለት ነው የያዙት። ከጎረቤቶቻችን ማሳ ጀምረው እኛ ጋ ደረሱ። ረጅሙን ጎን ለኩ፣ አጭሩን ለኩ፣ ቦረቦሩን ከሩቅ አይተው ተመለሱ። አለቃቸው አባዝቶ ስፋቱን ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ። እኔ ከሴቶቹ ጋር አጥሩ ሥር ነበርኩ። ግምቴና መልሱ እንደማይገጥሙ ገብቶኛል፤ ግን ማን ጠይቆኝ እናገራለሁ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ሹም ፊት ሁልጊዜ በኦሮምኛ ይናገር የነበረው ሰውዬ ያን ቀን በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ ያንቺ ቁጥር ስንት ነበር?»

በዓይኑ ፊት ያጠፋሁት ቁጥር ነው፤ እሱ ግን እንዳልጠፋ ያን ጊዜውኑ ዐውቆ ኖሯል። ተናገርኩት። የእነሱ የሚበልጠው ቦረቦሩን ስለቆጠሩት ነው፤ እዚያ ውስጥ በቆሎ አይበቅልም አልኩ። አለቃው እኔን ትቶ አባቴን፣ ይህን ማሳ ከእኛ በፊት የለካው ማነው ብሎ በቁጣ ጠየቀው።

«አምስተኛ ክፍል» አለ አባቴ።

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ሰንሰለቱን እንደገና ዘረጉት፤ በዚህኛው ጊዜ በቦረቦሩ ጠርዝ ዞሩ።