የካፖው ዓይንና የጨው ጆንያ

ዛሬ ጠዋት የአሰብ ወደብ ኩሊዎች አለቃ፣ ካፖው፣ የሣጥን ስንጥር ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ ተሰክቶበት እኔ የምሠራበት ሆስፒታል መጣ።

ሐኪሙ ቀዶ ሲያወጣለት ጭንቅላቱን ግጥም አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ።

እኔ ኩሊ ሳለሁ፣ ካፖው አመመኝ ያለውን ሁሉ ጆንያ ጨው ያስነሳው ነበር። ካነሳ አልታመመም ማለት ነው። እኔ ከትከሻዬ ጀርባ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት ተሰብሮ አነሳሁለት።

«አየህ? ደህና ነህ፤ ወደ ሥራህ» አለኝ።

አጥንቴን የጠገነልኝ ይኸው ሐኪም ነው። ሸክም ስለማልችል ረዳቱ ሆኜ ቀረሁ።

የካፖው ዓይን ተርፏል። ከእሱ ይልቅ የተደሰትኩት እኔ ነኝ።

አልጋው አጠገብ አንድ ጆንያ ጨው አቁሜለታለሁ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

እናንተንስ ታማችሁ ጆንያ ያስነሳችሁ አለ? ጻፉልኝ። አልጋው ዙሪያ ለእናንተም ጆንያ የሚሆን ገና ሰፊ ቦታ አለ።