«ገብቷል እኮ!» ያለኝ መካኒክ

ኮሶዬ ዳገት ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ንድድ ብሎኛል!

አክስቴን ለዓይኗ ቀጠሮ ከደባርቅ ወደ ጎንደር እየወሰድኳት ነበር። ዳባትን አልፈን ዳገቱ ላይ ስንደርስ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ጉልበት አጣች፣ በመጨረሻም ቆመች።

ሞተሩ ውስጥ ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን አራቱንም ካንዴላ መካኒኩ በአዲስ የቀየረልኝ ትናንት ነው!

ደግነቱ አሮጌዎቹን አልጣልኳቸውም። አንዱን አዲስ ፈትቼ ከአሮጌው ጎን ሳስተያየው፣ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ጫፉ በግማሽ ያጠረ ነው።

ደወልኩለት። «ወንድሜ፣ ገብቷል እኮ! ልኩ ባይሆን መች ይገባ ነበር?» አለኝ።

ገብቷል! ውሻስ ቤተ ክርስቲያን ትገባ የለ?

የመኪናዋን ማኑዋል አላየም። ከአሮጌው ጋር እንኳ አላስተያየም። የካንዴላው ጥርስ ስለያዘለት ብቻ አጥብቆ ሸኘኝ።

አክስቴ ሁለቱን ካንዴላ ተቀብላ ወደ ፊቷ አስጠጋቻቸው። «ልጄ፣ እኔ እንኳ በዚህ ዓይኔ ማጠሩን አየሁት። እሱን ምን ጋርዶት ነው?»

ስንት ወር የጠበቀችው ቀጠሮ አለፈ።

እናንተስ፣ «ገብቷል» ተብላችሁ መንገድ የቀራችሁ አላችሁ? እዚህ ሥር ጻፉለት። ካንዴላውስ ገብቷል፤ ብዙ ከሆንን ምናልባት ለእሱም ይገባው ይሆናል።