የከዚራዋ አልነሳም ባይ መኪና

በጃንሆይ ጊዜ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር መካኒክ ነበርኩ። አንድ ቀን ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡት ጋሽ ተሰማ «መኪናዬ አልነሳም አለች፤ እስቲ እያት አቦ» ብለው አስጠሩኝ።

እሳት መስጠቱን ለማየት ካንዴላ ፈትቼ የሞተሩን ብረት አስነካሁት፤ እሳቸው ቁልፉን ሲያዞሩ ግን ብልጭ የሚል ነገር የለም። ባትሪው ደህና ነው፤ ሽቦው አልተቆረጠም። ኋላ የእሳት ማከፋፈያውን ክዳን ስከፍት፣ እሳቱን ለየካንዴላው የምታድለው ትንሿ ቁራጭ ከቦታዋ የለችም። እሷ ደግሞ በራሷ እግር አትሄድም።

ቀና ስል ባለቤታቸው እትዬ አስካለ በመስኮት ጠቀሱኝ። ውሃ ልጠጣ ብዬ ገባሁ። መቀነታቸውን ፈትተው ቁራጯን አሳዩኝ።

«ሌባ እንዳይነዳት ብሎ ማውለቁን ያስተማረኝ ራሱ ነው። አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ ትናንት ግመል ሊገጭ ነበር። አትንዳ ብዬ ብነግረው ቅስሙ ይሰበራል። ዕቃው ከጅቡቲ እስኪመጣ ትቆማለች በለው፣ አደራ ልጄ።»

የተበላሸ አስነሳለሁ እንጂ ደህናውን ተበላሽቷል ብዬ አላውቅም። ወጣሁና መሬት መሬቱን እያየሁ፣ «ዕቃው ከጅቡቲ መምጣት አለበት፤ ይቆያል» አልኳቸው።

ጋሽ ተሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ጎሽ። ጠዋት አስካለ ኮፈኑን ስትከፍት ሰምቻታለሁ። ዓይኔ ጨርሶ መንገድ እንደማያይ ግን አታውቅም፤ ካወቀች ታለቅሳለች። በየሳምንቱ እየመጣህ መኪናዋን መርምር፣ ልነዳ የጓጓሁ ይምሰላት።»