ከሰልፉ መጨረሻ

በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል በር ላይ ሰልፉ እንደ እባብ ተጥመልምሏል። ተራቸው ሊደርስ ሁለት ሰው የቀራቸው አንድ ሽማግሌ ዘወር ሲሉ፣ ከኋላ የታመመ ሕፃን ያቀፈች ሴት አዩ። እጇን ይዘው በቦታቸው አቆሟትና ራሳቸው መጨረሻ ላይ ተሰለፉ። እዚያ የቆመው፣ ይህን የሚጽፈው ሰው፣ "እግዜር ይስጥዎት አባቴ" አላቸው።

"ተወው" አሉ ጮክ ብለው፤ ሠላሳ ዓመት የሽመና መኪና ጩኸት ጆሯቸውን በልቶታል። "ቀድሞ የመጣን ሰው ከመጨረሻ ያቆምኩ እኔ ነኝ።"

ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰው ሊቀመንበሩ ይላቸዋል። ድሮ በፋብሪካቸው ሥራ ሲቀዘቅዝ የሚባረረው አሮጌው ነበር፤ ጉልበቱ ተመጦ በርካሽ ወጣት ይተካል። ሊቀመንበሩ ሠራተኛውን አሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ። አሥራ አንድ ቀን መኪናው ሁሉ ዝም አለ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስምምነቱ ተፈረመ፤ ለጆሮ መከላከያ፣ ለምታጠባ እናት እረፍት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሊቀመንበሩ በእጃቸው የጻፉት አንቀጽ፦ ቅነሳ ከመጣ፣ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። በዚያ አንቀጽ ስንቱ ቤተሰቡን አሳደገ፤ ተመስገን ነው።

እናቷ ሞታባት ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ለሥራ ስትደርስ ፋብሪካው ሃምሳ ሰው ሊቀጥር ሆነ። ልጅቷ ከሁሉ ቀድማ በሩ ላይ ቆመች። ሠራተኞቹ አዩና፣

"ዛሬ የእህት ልጅ፣ ነገ አክስት! ሊቀመንበሩ ሊወርሱን ነው!" ብለው ሳቁ።

ሊቀመንበሩ የሰው አፍ ፈሩ። እጇን ይዘው ከሰልፉ መጨረሻ አቆሟት።

"አጎቴ፣ እኔ እኮ ነኝ አንደኛ!"

"ሃምሳ ሰው ነው የሚፈልጉት፣ አንቺ ሃምሳኛ ነሽ። ምን ጎደለሽ?"

በሥራ መታወቂያዋ ላይ የመጨረሻው የቅጥር ቁጥር ተጻፈ። አንደኛውን ያገኘው፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተጋድሞ ስለሚውል እንቅልፉ የተባለው ሰው ነው።

በአራተኛው ዓመት ገበያ ጠፋ። ሃያ ሰው ይቀነስ ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ዝርዝሩን ዘረጋላቸው።

"እንቅልፉን አስቀርቼ እሷን ስሸኝ እኔንም ያመኛል፤ የተበጠሰ ክር እንደሷ የሚቀጥል የለኝም። ግን አንቀጹ የእርስዎ ነው። አንቀጹ ይቅር ካሉኝ፣ እኔ ደስ ይለኛል።"

ለምን ደስ እንደሚለው አላጡትም። አንዴ የተበሳ ጆንያ እህል አይዝም፤ ዛሬ ለእሷ ቢጣስ፣ ነገ አሮጌው ሁሉ በዚያው ቀዳዳ ይፈስሳል። ፈረሙ።

እንቅልፉ እያዛጋ፣ "ጋሼ፣ እርስዎን ያቆይልን" አላቸው።

እሷ ግን መታወቂያዋን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣ፣ "አጎቴ፣ ሁለቴ ከኋላ አቆምከኝ" ብላ ወጣች። አሁን በሌላ ከተማ፣ ማኅበር በሌለበት ስፌት ቤት ትሠራለች። የላኩላት ደብዳቤ ሁሉ ሳይከፈት ተመልሷል።

የጤና ጣቢያው ሰልፍ አንድ እርምጃ ተንቀሳቀሰ። ሊቀመንበሩ ከኮታቸው ኪስ የታሸገ ፖስታ አወጡ።

"አንቀጹን አላወገዝኩም፤ ዛሬም እፈርማለሁ። ያ ሰልፍ ላይ ግን አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ ነው ያልኳት። ልጄ፣ እስክሪብቶ ይዘሃል?"

"ይዣለሁ።"

"እንግዲያ ስሟን ላዩ ላይ አንተ ጻፍልኝ። የኔን እጅ ጽሑፍ ካየች አትከፍተውም።"