አባቴ ያጠረው ሣር

ሆሳዕና በሄድኩ ቁጥር የማርፍበት ሆቴል ግቢውን በሞተር ሲያሳጭድ፣ የቤንዚኑና የእርጥብ ሣሩ ሽታ ተቀላቅሎ በመስኮት ይገባል፤ ሌላው እንግዳ ደስ ይለዋል፣ እኔ ግን አፍንጫዬን እይዛለሁ። ያ ሽታ የአባቴን ሞኝነት ይዞብኝ ይመጣል።

በደርግ ጊዜ እዚያው ሆሳዕና፣ እኛ ሰፈር፣ ቤት የሚከበረው በደጁ ሣር ነበር። የእኛ ደጅ ሰርዶ ነበር፤ በጋው ሲያቃጥለው ሥሩን ይዞ ዝም ብሎ ቆይቶ በመጀመሪያው ዝናብ የሚነሣ፣ ውርጭ ሲመታው ጫፉ ብቻ የሚገረጣ፣ ጥጆች እየጋጡ የሚያስተካክሉት፣ የተጣላ ጎረቤት የሚታረቅበት ሣር። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌም መጀመሪያ እዚያ ላይ ይቀመጣል፤ ሣሩ ላይ ካልተቀመጠ የመጣበትን ጉዳይ አይናገርም ነበር።

አባቴ የአውራጃው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። አንድ ክረምት ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄዶ የአንድ ባለሥልጣን ግቢ አይቶ ሲመለስ፣ በጆንያ ሣር ይዞ ከአውቶቡስ ወረደ። ቅጠሉ ቀጭንና ለስላሳ፣ እንደ ሕፃን ፀጉር የሚተኛ ነገር ነበር። ብርድ ይችል እንደሆነ፣ ጥም ይችል እንደሆነ አልጠየቀም፤ ባለሥልጣን ደጅ መብቀሉ በቃው። «ሰርዶ የኋላ ቀር ሣር ነው» ብሎ ያን ሁሉ ሰርዶ በዶማ አስነቅሎ፣ የራሱን ተክሎ፣ ዙሪያውን በሽቦ አጠረው። ጥጆቹ ወደ ጓሮ ተባረሩ፣ እኛም ተባረርን።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችው እናቴ፣ «ጥጃ የማይግጠው፣ ሰው የማይቀመጥበት ሣር ምን ሊሆን ነው?»

እስከ ጥቅምት፣ እውነቱን ለመናገር፣ አምሮ ነበር። አባቴ ከቢሮ ሲመለስ ካኪ ኮቱን ሳያወልቅ ሽቦው ዳር ቆሞ፣ ጓድ አስተዳዳሪው በዚያ ሲያልፉ ምን እንደሚሉ እያሰበ ፈገግ ይል ነበር። ጓድ አስተዳዳሪው በዚያ አልፈው አያውቁም። ኅዳር ላይ ዝናቡ ሲቆም፣ ታላቅ እህቴ ምሕረትና እኔ ከምንጭ ተሸክመን የምናመጣው ውሃ ለዚያ የማይረባ ሣር ይፈስ ጀመር። ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ወረደበትና በአንድ ሌሊት አቃጠለው፤ ጠዋት ስንነሣ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። «እያገገመ ነው» አለ አባቴ። ጥር ሲገባም «እያገገመ ነው» ይል ነበር።

በዚያ ጥር ሽማግሌዎች ለምሕረት መጡ። የላካቸው ሀቢቾ በምትባል መንደር የሚያስተምር ልጅ ሲሆን፣ እሷም እንደምትወደው ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። መሪያቸው አቶ ሄራሞ ጎንበስ ብለው ሽቦውን ሊያልፉ ሲሉ አባቴ እየሮጠ ደረሰ።

«ኧረ እዚያ አይደለም፣ አቶ ሄራሞ! እያገገመ ነው። በረንዳው ላይ ወንበር አለ።»

ሽማግሌው ያን ቢጫ ድርቆሽ አዩት፣ ከዚያ አባቴን አዩት፤ ወደ ጓደኞቻቸውም ዞረው፣ «ደጁን የነፈገን ሰው ልጁን ይሰጠናል?» አሉ። እናቴ እስከ መንገዱ ድረስ እየተከተለች ብትለምናቸውም አልተመለሱም። በሌላም ቀን አልመጡም፤ ልጁም በዓመቱ ሌላ አገባ። ምሕረት ከዚያ ቀን ወዲህ ለሣሩ ውሃ አልቀዳችም፣ አባቴም ደፍሮ አላዘዛትም። ሣሩ ያልሞተ መስሎት ግን ሽቦውን እስከ በልግ አላነሣም፤ ለዚህ ዛሬም ይቅር አላልኩትም።

ምሕረት ዘግይታ አዲሎ ከተማ የሚኖር አንድ ነጋዴ አገባች። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከዚህ የበለጠ ስለ እሱ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ሆሳዕና ደጁ ሁሉ ሲሚንቶ ሆኗል። የዛሬው ሽማግሌም የኪራይ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተዘርግቶ፣ ለስላሳ እየጠጣ፣ ስልኩን እየነካካ ልጅ ይጠይቃል፤ የት አስቀመጣችሁኝ ብሎ የሚቀየም የለም። እንዲህ ያለውን ሽማግሌ እንቀዋለሁ። ያን ጊዜ የመጡት እንዲህ ያሉት ቢሆኑ ኖሮ ግን፣ እህቴ የወደደችውን አግብታ ነበር።