ለነገ ያሳደርነው ምዕራፍ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሕይወት መገናኛ መንገድ ዳር ከሚዘረጉት መጻሕፍት አንዱን ገዝታ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እንዴት ስፖርት እንደሚሠራ የሚያስረዳ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ላይ አንዲት ሴትዮ እየሳቀች ትሮጣለች፤ ምን እንደሚያስቃት እንጃ። ሐኪሙ ኢንሱሊን ካስጀመረኝ ወዲህ በዙሪያዬ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም፤ የጎረቤት ዘበኛ እንኳ ባየኝ ቁጥር አብሽ ጠጣ ይለኛል።

«አባዬ፣ እስቲ እየው» አለችኝ።

«አንቺ ሳትወለጂ የማውቀውን በሽታ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት። መጽሐፉን ትታልኝ ወጣች።

ብቻዬን ስቀር ግን ገለጥኩት። ገልጬም አንዱ ርዕስ ላይ ክው ብዬ ቀረሁ። «ከእንቅስቃሴ በፊት ምን ይበላል?» ይላል። ለሌላው ሰው ተራ ጥያቄ ነው። እኛ ግን ይህችን ጥያቄ በአንድ ቀን ዘግይተን ደርሰንባት እህቴን ጽጌን ልንቀብራት ነበር።

ያኔ ቤታችን ሾላ ገበያ አጠገብ ነበር፤ ጠዋት በሩን ስንከፍት የበርበሬው ብናኝ አስነጥሶን ነው ቀኑ የሚጀመረው። እኔ ሃያ ዓመት ሞልቶኛል፤ ጽጌ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባባ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ከረቫት ሳያስሩ ደጅ አይወጡም፤ እንግሊዝኛቸውም እስከ ሲግናል ሰፈር ድረስ ስመ ጥር ነው፤ ማመልከቻ የሚያጽፍ ሁሉ እኛ ቤት ይመጣል። እኛ ልጆቻቸው «እርስዎ» እንላቸዋለን። እሳቸው ከተናገሩ በኋላ የሚናገር ሰው በቤታችን አልነበረም፤ እማዬም ብትሆን የምትናገረው ለድስቷ ነው።

በዚያ ክረምት ጽጌ ውኃ በጆግ እየጠጣች የማትረካ፣ እየበላች የምትከሳ ሆነች። ቀሚሷ ሰፍቷት እንደ ድንኳን ሲውለበለብ እማዬ ቡዳ ነው አለች፤ አባባ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ስኳር ነው ተባለ። በየቀኑ ኢንሱሊን ካልተወጋች አትኖርም ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ ልቅሶ የመጣ ይመስል ከንፈሩን እየመጠጠ ገባ፤ «በዚህ ዕድሜዋ! ማንስ ያገባታል?» እየተባለ በፊቷ ይወራል። ጽጌ ግን የመስተዋቱን ሲሪንጅ ቀቅላ ራሷን መውጋት ስትለማመድ እጇ አልተንቀጠቀጠም። ከእኔ ከወንድሟ ይልቅ ደፋር ነበረች፤ እኔ መርፌ ሳይ ዞር ነበር የምለው።

አባባ ደግሞ በሽታውን በመጽሐፍ ሊያሸንፉት ቆርጠው ተነሡ። አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡበት ሲዞሩ ውለው ስለ ስኳር በሽታ የተጻፈ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዘው መጡ፤ በጋዜጣም ለበዱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራት በተበላ ቁጥር ሁላችንም እንቀመጣለን፤ እሳቸው መነጽራቸውን ሰክተው አንድ ምዕራፍ በአማርኛ እየፈቱ ያነቡልናል። አንድ ምዕራፍ ብቻ። ዳዊታቸውን በየዕለቱ ከፍለው ነው የሚደግሙት፤ የሰኞውን ለሰኞ፣ የማክሰኞውን ለማክሰኞ። ይኸኛውንም መጽሐፍ እንደዚያው አደረጉት። ምዕራፉ ካለቀ በኋላ አንድ መስመር እንኳ አይጨምሩም፤ መጽሐፉ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል።

አንድ ማታ ጽጌ፣ «አባባ፣ የሚቀጥለው ስለ ምንድን ነው?» ብላ ገጹን ልትገልጥ እጇን ዘረጋች።

«የሚቀጥለው የነገ ነው» አሉና መጽሐፉን ጠቅ አድርገው ዘጉት። «ንባብ ተራ አለው፣ ልጄ። ፊደል ሳይቆጥር ዳዊት የሚደግም የለም።»

በወርኃ ጥቅምት አንድ ዓርብ የእንቅስቃሴው ምዕራፍ ደረሰ። መራመድና ዳገት መውጣት ስኳርን ያወርዳል የሚለውን ሲያነቡ አባባ ከወንበራቸው ተነሡ። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

«በሉ ስሙኝ! መርፌው ስኳር ያወርዳል። አለመብላት ያወርዳል። ዳገት መውጣት ያወርዳል። ሦስቱን በአንድ ጠዋት ብናደርጋቸውስ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!»

እኛም አጨበጨብን። ምን እናውቃለን! አባባ ካሉ አሉ ነው። ጽጌ ብቻ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት ትነካካ ነበር፤ የደከማት መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ገንፎ አገንፍታ፣ ቅቤውን በበርበሬ መሀሉ ላይ አፍስሳ ጠበቀችን። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ጽጌ መርፌዋን ተወጋች።

«ኧረ አንድ ጉርሻ እንኳ ቅመሺ» አለች እማዬ በቀስታ።

«ገንፎ ስኳር ይሆናል» አሉ አባባ፣ ከዘራቸውን እያነሱ። «ስንመለስ ትበላለች።»

በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ወጣን። የጥቅምት ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። መንገዱ ዳር ሣሩ ጤዛ እንደተሸከመ ነው፤ የባሕር ዛፉ ሽታ አፍንጫ ይከፍታል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ የተሸከሙት ቅጠል መሬቱን እየጠረገ ሲያልፍ ዳር ይዘን እናሳልፋቸዋለን። አባባ ከፊት ከፊት እየሄዱ የዛፉን ዓይነት፣ የድንጋዩን ስም ያስተምሩናል። መጀመሪያ ላይ ደስ የሚል ጉዞ ነበር፤ ውሸት አልናገርም።

ዳገቱ ሲጠና ጽጌ ወደ ኋላ ቀረት ቀረት ማለት ጀመረች። ዞር ስል ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ በዚያ ብርድ! ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፤ ደጋግማ ታዛጋለች።

«ጽጌ፣ ምነው?»

«ምን አገባህ!» አለችኝ። እህቴ እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም።

አባባም ሰምተው ኖሮ ተመለሱ። «በርቺ እንጂ፣ ልጄ። ላቡ ጥሩ ነው፤ ስኳሩ እየወጣ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ጽጌ መሳቅ ጀመረች። የማውቀው ሳቋ አይደለም። ጣቷን አባባ ፊት ላይ ቀስራ፣ «አንተ ተክሌ! አንተ ሽማግሌ! ደግሞ ከረቫት አስረህ እንጦጦ ትወጣለህ!» አለች። በስመ አብ! ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። አባባን በስማቸው! ለዚያውም «አንተ» ብላ! እሳቸው ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ በጥፊ አለቻቸው፤ ባርኔጣቸው ቁልቁል ተንከባለለ። ቀጥላም እንደ ጨርቅ እጥፍ ብላ መንገዱ ላይ ወደቀች።

እንጨት የተሸከሙት ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው ከበቡን። «ማል ታቴ? ምን ሆና ነው?» ትላለች አንዷ። ሌላዋ፣ «ለክፏት ነው! አባቷን የመታች ልጅ ሌላ ምን ይሆናል? ጠበል አምጡ!» ትላለች። ውኃ ፊቷ ላይ ተረጨ። ዓይኗ ተገልጦ አያይም፤ ጥርሷ ተነክሷል።

ከዛፎቹ ሥር በፔርሙዝ ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች። ሁኔታውን አይታ አንድ ብርጭቆ ቀድታ፣ ስኳሩን ጨምራ እያማሰለች እየሮጠች መጣች። «ከንፈሯን ላርጥብላት፣ ትንሽ ትጎንጭ» ብላ ተንበረከከች። ብርጭቆው ጽጌ አፍ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አባባ በከዘራቸው መቱት። ሻዩ ተደፋ።

«ስኳር አለባት!» ብለው ጮኹ፤ ድምፃቸው እንደዚያ ሲሰነጠቅ ሰምቼ አላውቅም። «የስኳር በሽተኛ ናት! ስኳር እንዳታቀምሷት! ልጄን ልትገድሏት ነው እንዴ!»

ሴትዮዋ ደንግጣ ሸሸች። እኔም፣ «እሰይ፣ አባባ ደረሱላት» ነበር ያልኩት።

በጋቢ ጠቅልለን አራት ሰዎች ሆነን ተሸከምናት። ያን ዳገት እንዴት እንደወረድነው አላውቅም፤ ጫማዬ አንዱ የት እንደቀረም አላውቅም። አስፋልቱ ላይ አንድ ፒክአፕ ቆመልንና ጤና ጣቢያ አደረሰን። የተቀበለችን ነርስ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ነበረች።

«ምንድን ነው በሽታዋ?»

«ስኳር። ኢንሱሊን ትወስዳለች» አሉ አባባ።

«ዛሬ ወስዳለች? ምን በልታ ነው?»

አባባ ያን ሁሉ ድንጋጤ ተሸክመው እንኳ ቀና አሉ። «መርፌዋን በሰዓቱ ወስዳለች። ምግብ የሚባል አልነካችም። እንዲያውም እንጦጦን በእግሯ አውጥተናታል።»

የነርሷ ፊት ሲለወጥ ዛሬም ይታየኛል። ሮጣ ትልቅ ሲሪንጅ ሞልታ መጣች፤ የጽጌን ክንድ አስራ ደም ሥር ትፈልጋለች።

«ምንድን ነው የምትሰጫት?» አሉ አባባ።

«ግሉኮስ።»

«እሱ ስኳር አይደለም እንዴ? እህቴ፣ ተይ! ስኳር ነው እኮ ያለባት!» ብለው እጇን ያዙ።

«አባት፣ እጄን ይልቀቁኝ!» ብላ ጮኸችባቸው። «ልጅዎ እየሞተች ያለችው ስኳር አጥታ ነው!»

አባባ እጃቸውን ለቀቁ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። መድኃኒቱ ገና ተሰጥቶ ሳያልቅ ጽጌ ዓይኗን ገለጠች። ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ አባባን አይታ፣ «አባባ፣ ባርኔጣዎ የት ሄደ?» አለች። አባባ ግድግዳውን ተደግፈው ቁልቁል ተንሸራተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ያ ሻይ፣ ያ በከዘራ የደፉት ሻይ፣ ያኔ ነው የታያቸው።

ማታ ቤት ገብተን ከጽጌ በቀር ራት የበላ የለም። አባባ ከረቫታቸውን ሳይፈቱ መጽሐፉን ከቁም ሣጥኑ አወጡና ዓርብ ያቆሙበትን ገጽ ገለጡ፤ ቀጥሎ አንድ ቅጠል ብቻ ገለበጡ። ርዕሱን ለራሳቸው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ሳይበላ ቢንቀሳቀስ ስኳሩ ከልክ በታች እንደሚወርድ፣ ያኔ ሰውየው እንደሚያልበው፣ እንደሚሳደብ፣ እንደሚወድቅ፣ ፈጥኖም ጣፋጭ መቅመስ እንዳለበት የሚያስረዳው ምዕራፍ ነበር። የቅዳሜ ማታ ንባባችን ነበር። መጽሐፉን ጽጌ ጉልበት ላይ አኖሩት፤ ከዚያ ወዲያ እጃቸው ነክቶት አያውቅም።

ይህን ታሪክ በዚህ መልኩ የማውቀው እስከ ትናንት ነበር።

ትናንት ወደ ሲግናል፣ ጽጌ ቤት ሄድኩ። እህቴ አሁን ጡረተኛ መምህርት ናት፤ ልጆች ወልዳ ድራለች፤ ይኸው እስከ ዛሬ ኢንሱሊኗን እየወጋች በየጠዋቱ ቁርሷን በልታ ትራመዳለች። ምሳ ስታቀርብልኝ ወሬው ወደ አባባ መጽሐፍ ሄደ። «ያን ምዕራፍ አንድ ቀን ቀድመን አንብበነው ቢሆን እኮ ያ ሁሉ ጉድ ባልመጣ» አልኳት።

ጭልፋውን አስቀመጠች። «እኔ አንብቤው ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ምዕራፉን። አባባ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እያወጣሁ እስከ መጨረሻው ጨርሼዋለሁ። ከመራመድ በፊት መብላት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ስኳርም ይዤ ነበር፣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ። ዞር እስኪሉልኝ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ… ከዚያ ወዲያ ያለውን አላስታውስም።»

ተሸክመናት ስንሮጥ፣ ስናለቅስ፣ ስኳሩ እላይዋ ላይ ነበር!

«አንቺ ልጅ፣ ልትሞቺ ነበር እኮ! እንዴት አትናገሪም?»

«ለማን? ለአባባ? ‹ተሳስተዋል› ልበላቸው?» አለችና ፈገግ አለች። «አንተ ትላቸው ነበር?»

አልላቸውም ነበር።

«ነጠላውን ያጠበችው እማዬ ናት» አለች። «ቋጠሮውን ፈታ አየችው። አየችኝ። ስኳሩን ወደ ስኳር ዕቃው መለሰችው።»

እማዬም ለማንም ሳትተነፍስ ሞተች። በቤታችን የማያውቁት አባባና እኔ ብቻ ነበርን ለካ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰማሁት። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ብስጭቴ በማን ላይ እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። አባባ ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጃቸውን ለማዳን መጽሐፍ ገዝተው የሚያነቡ አባት በሰፈሩ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ግን አጠገባቸው ያለው ሰው የሚያውቀውን ጠይቀው አያውቁም፤ እኛም ሳንጠየቅ መናገር አልተማርንም።

የእኔ ልጅ ግን «አንተ» ነው የምትለኝ። ትቀልድብኛለች፣ ፀጉሬን ትነካካለች። ፍርሃቱ ከ«እርስዎ» ጋር አብሮ የተቀበረ መስሎኝ ደስ እያለኝ ነው የኖርኩት። ማታ እንደገባሁ ጠራኋት።

«ሕይወት፣ ስለዚህ በሽታዬ አንቺ የምታውቂው፣ እኔ የማላውቀው ነገር አለ?»

በሩ ላይ ቆመች። ነጠላ ጫማዋን እያየች፣ «አባዬ፣ አትቆጣም?» አለችኝ።

«አልቆጣም፣ ንገሪኝ» አልኳት።

«ኢንሱሊኑን ፍሪዘር ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ጠዋት ጠዋት በእጅህ እያሟሟህ ነው የምትወጋው። አንዴ በረዶ ከሠራ እኮ መድኃኒትነት የለውም፣ አባዬ። ይበላሻል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«መጀመሪያ ያስቀመጥክ ቀን አይቼሃለሁ» አለችኝ።

ኢንሱሊን ከጀመርኩ ሁለተኛ ወር ይዣለሁ።